ከሰማያዊው መስመር በላይ

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጋደም ለማለት ወደ መኝታ ክፍሉ ሲያመራ በሩ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ጉበኑ እንኳ አይነካውም፤ ከብዙ ዓመት በፊት አናጢ ጠርቶ ከፍ አስደርጎታል፣ መዝጊያውም ከላይ በኩል በሌላ ቀለም እንጨት ተቀጥሎለታል። ግን ዕድሜውን ሙሉ በሰው ልክ በተሠራ በር ሲያልፍ የኖረ አንገት የራሱን ቤት ከሌላው ቤት ለይቶ አያውቅም። ቀጥሎ፣ ከውጭ በኩል መዝጊያው ላይ የተሰካውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ነካ ያደርጋል። አያዞረውም። የተኛ ሕፃን ጉንጭ እንደሚነካ ሰው ነካ አድርጎት ያልፋል።

«ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ቁልፍ ይፈትሻል» ትላለች ሚስቱ ሳህን እያነሳች።

«ቢጠፋስ?»

«ማን ይወስደዋል? የከተማው ሌባ እንደሆነ ሁሉም በአንተ እጅ አልፏል። መንገድ ላይ ሲያገኝህ ኮፍያውን ያነሳልሃል እንጂ ይሰርቅሃል?»

እውነቷን ነው። ገበያ መሃል አንድ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ ድንገት ከሰው መሃል ብቅ ብሎ «ጋሼ አንቴና! አወቁኝ?» ይለዋል። እሱም ትንሽ አሰብ አድርጎ «ሁለተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር» ይላል። ሰው የሚያስታውሰው በተኛበት ቦታ ነው። ጎልማሳው ይስቃል፣ ትከሻ ለትከሻ ሊሳሳሙ ሲሉ አንቴና ጎንበስ፣ ሰውየው በእግር ጣቱ ቆም፣ እንደምንም ይደራረሳሉ።

አንቴና ያሉት እስረኞቹ ናቸው። በትልቁ እስር ቤት ቁልፍ ያዥ ሆኖ የተቀጠረ ዕለት፣ በዋናው በር ጎንበስ ብሎ ገብቶ ግቢው መሃል ቀና ሲል፣ አንዱ ከወዲያ ጥግ «ወንድሞቼ፣ ከእንግዲህ ሬዲዮኑ ጥርት ብሎ ሊሰማ ነው!» አለ። ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሱ አልተቆጣም። ቁጣ ለእሱ ሲያልፍም ሲያገድምም የማያገኘው ነገር ነበር፤ እናቱ በልጅነቱ «ይሄ ልጅ ደሙ ቀዝቃዛ ነው» ትለው ነበር።

ሥራው ጠዋት መክፈት፣ ማታ መዝጋት ነው። ከሌሎቹ ጠባቂዎች የሚለየው ከመክፈቱ በፊት በሩን ማንኳኳቱ ነበር። ባልደረቦቹ ይስቁበታል።

«ምን ይሉኛል ብለህ ነው? ቤት ውስጥ የለንም ይሉኛል ብለህ?»

«ሰው ልብሱን እየለበሰ ቢሆንስ?» ይላል።

ጆሮው ደግሞ ሌላ ነበር። ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የትኛው በር እንደተዘጋ፣ የትኛው ቁልፍ ደግሞ ተዘጋ ተብሎ በወጉ ሳይዞር እንደቀረ ከድምፁ ብቻ ይለያል። «አራተኛው አልያዘም፣ ተመለስ» ይላል ለባልደረባው። ባልደረባው እያጉረመረመ ይመለሳል፤ በሩን ሲገፋው ይከፈታል።

ያኔ ትዳር ከያዘ ብዙም አልቆየም። ቤቱ ሁለት ክፍል ናት፤ መዳህ የጀመረች ሴት ልጅ አለችው።

አንድ የበጋ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጡ፤ አንድ ወጣት ዶክተርና አንዲት ዝምተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ። ዶክተሩ እስረኞቹን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ አስረዳ። በሰው አካል በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ፣ በማይክሮስኮፕ እንጂ በዓይን የማይታዩ ቅንጣት ክሮች አሉ። ከእነሱ መካከል ወንድና ሴትን የሚለዩት ሁለት ናቸው፤ ሴት ሁለት ኤክስ፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ይኖራቸዋል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ትርፍ ዋይ ይዞ የሚወለድ ወንድ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ረጅም ይሆናል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ ይህ ትርፍ ክሮሞዞም ሰውን ለድንገተኛ ቁጣና ለወንጀል ሳይገፋፋ አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ። «እኛም የመጣነው ይህንን ልናጣራ ነው» አለና በፎቶግራፍ የተነሳ ክሮሞዞም ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይሄማ ከስፌት መኪናዬ ሥር የምጠርገው ቁርጥራጭ ክር ነው!» አለ የእስር ቤቱ ልብስ ሰፊ።

«ዶክተር፣» አለ ሌላው ከኋላ፣ «ጥፋተኛው ክሩ ከሆነ፣ ዳኛው በእኔ ላይ ለምን ፈረደ?»

ሳቁ ጋብ እስኪል ዶክተሩ ጠበቀ። ሁሉንም ለመመርመር አቅም እንደሌላቸው፣ ስለዚህም ረጃጅሞቹን ብቻ እንደሚያዩ ተናገረ። የክሊኒኩ በር መቃን ላይ በሰማያዊ ቀለም መስመር አሰመሩ። አናቱ መስመሩን ያለፈ ይገባል፤ ያላለፈ ይመለሳል። ደም የሰጠ ብስኩትና አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ያገኛል። የብስኩቱ ወሬ ሲሰማ ግቢው ታመሰ። አጫጭሮቹ ጫማቸው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው መጡ። መርፌ የፈሩት ረጃጅሞች ደግሞ ጉልበታቸውን እያጠፉ ይጎተታሉ።

«አንተ! ቀና በል እንጂ!» ይላል የክሊኒኩ ድሬሰር።

«ቀና ብዬ ነው ጌታዬ። እስር ነው ያሳጠረኝ።»

«አንተ ደግሞ ውረድ! ተረከዝህ አየር ላይ ነው።»

ሰልፉን የሚያስከብረው አንቴና ነበር። መቃኑን ተደግፎ ስለቆመ ሰማያዊው መስመር ጆሮው ላይ ነው የሚያርፈው። ከጠዋት እስከ ቀትር እዚያው ቆሞ ዋለ፤ ማንም ግን «እስቲ አንተንም እንይህ» አላለውም። መስመሩ የተሰመረው ለእስረኛ ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ የልብስ ሰፊው ተራ ደረሰ። ከአንቴና ቀጥሎ የግቢው ረጅም ሰው እሱ ነው። በጎረምሳነቱ በጠብ መሃል ሰውን በብረት መትቶ ዓይን በማጥፋቱ ነው የታሰረው። ከገባ ወዲህ ግን ስፌት ተምሮ የእስረኛውንም የጠባቂውንም ልብስ ሲሰፋ፣ ክፉ ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ ጎረምሳነቱን እዚያው ጨርሶታል። በዚያ ዓመት በምሕረት ይወጣሉ ከተባሉት አንዱ እሱ ነበር። እናቱ ሊጠይቁት በመጡ ቁጥር «አልጋህን አንጥፌልሃለሁ» እያሉት ይሄዳሉ።

መርፌውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልብስ ሰፊ መርፌ ይፈራል እንዴ?» አለው ድሬሰሩ።

«እኔ ነኝ በመርፌ የምወጋው እንጂ፣ መርፌ እኔን ወግቶኝ አያውቅም!»

አንቴና አንጀቱ አልቻለም። እጅጌውን ሰብስቦ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ባለሙያዋን «እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ እኔን ውጊኝ። አይቶ ልቡ ይረጋ» አላት። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሮ «እየኝ፤ የትንኝ ያህል ነው» አለው።

ባለሙያዋ ፈገግ አለች። የእያንዳንዱን ባለተራ ቁጥር ብልቃጡ ላይ አስቀድማ ነበር የምትለጥፈው፤ በእጇ የያዘችው ደግሞ የልብስ ሰፊውን ነው። በዚያው ቀዳች። ሌላ ልትቀይር ዞር ስትል ልብስ ሰፊው ቀዩን ደም አየና እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቀ። ጩኸት ሆነ። አንዱ ውሃ ያርከፈክፋል፣ አንዱ በኮፍያ ያራግባል፣ አንቴና በአንድ እጁ ጥጥ ይዞ በሌላው የወደቀውን ያነሳል። ሰውየው ነፍስ ሲዘራ ብስኩት ሰጡት። በግርግሩ መሃል ብልቃጧ ከሌሎቹ ጋር ሳጥን ገባች። ልብስ ሰፊው ደም እንደሰጠ ሰው ብስኩቱን ቆረጣጠመ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ዶክተሩ ተመለሰ። አንቴና በዚያ ሰዓት ከኃላፊው ቢሮ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ከሁሉም መካከል አንድ አገኘን» አለ ዶክተሩ፤ ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። «ሁለት ዋይ ያለው። ልብስ ሰፊው ነው።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። «ይሄማ ምሕረቱን ያበላሸዋል» አለ። «ነገ ወጥቶ አንዱን ቢጎዳ ‹እያወቅህ ለቀቅኸው› ይሉኛል። ወንጀሉ በደሙ ውስጥ ላለ ሰው እኔ አልፈርምም።»

«እንደዚያ ለማለት እንኳ ገና ነው...» አለ ዶክተሩ። ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው።

አንቴና ከበሩ ራቅ አለ። ልብስ ሰፊው አንድ ጠብታ ደም አልሰጠም። በዚያ ብልቃጥ የተቀዳው የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ባለሙያዋ ድሬሰሩ የአንቴናን ደም ደፍቶ፣ ሰውየው ሲነቃ ከራሱ በሌላ ብልቃጥ የቀዳ መስሏት አልፋዋለች። ቢናገር፣ ወንጀል በደሙ አለ ለተባለ ሰው የእስር ቤት ቁልፍ ማን ይሰጠዋል? ዝም ቢል፣ አንድ ሰው በእሱ ደም እስር ቤት ሊያረጅ ነው። ያን ቀን ከቀትር በኋላ አንዱን በር ሲከፍት ማንኳኳቱን ረሳ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልጅቱን ሳፋ ውስጥ አስቀምጣ እያጠበች ነበር። ቁጭ ብሎ ነገራት።

«ሁለት ዋይ?» አለች። «ለካ ለዚህ ነው የሁለት ሰው የምትበላው።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ደሙ የአንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሰውየው አልተወጋም?»

«ወድቆ ነበር አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ቁልፉን ቢቀሙኝስ?»

ልጅቱን ከውሃው አውጥታ በፎጣ ጠቀለለቻት። «የሰው እናት አልጋ አንጥፋ ልጇን ትጠብቃለች፤ አንተ እዚህ ቁልፍ ታንቃጭላለህ? በል፣ ልጅህን ያዝልኝ፣ ሳፋውን ልድፋ።»

በማግስቱ ለኃላፊው ተናገረ። ኃላፊው መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠና ከእግር እስከ ራሱ ያየው ጀመር፤ መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። ዶክተሩና ባለሙያዋ ተጠሩ፤ የሁለቱም ደም እንደገና ተቀዳ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ የአንቴናን እጅ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

«ጋሼ፣ አደራ አጥብቀው ይያዙኝ» አለ። «እዚህ ክፍል መውደቅ ምሕረት ያስከለክላል።»

ውጤቱ ሲመጣ ልብስ ሰፊው እንደማንኛውም ወንድ ሆነ። ሁለት ዋይ የተገኘው ከአንቴና ነው። ዶክተሩ ፎቶግራፉን አሳየው። አንቴና አቀርቅሮ ብዙ ቆየበት፤ ክሮቹ መሃል ራሱን ይፈልግ ነበር። የተበተነ ቁርጥራጭ እንጂ ሌላ አልታየውም።

«እኔ ካንተ ክፉ ነገር አይቼ አላውቅም» አለ ኃላፊው ዓይን ዓይኑን ላለማየት እየጣረ። «ግን... ለጊዜው... ቁልፉን አስረክብ። የውጭውን በር ሌሊት ሌሊት ትጠብቃለህ።»

ቁልፎቹን ከቀበቶው ፈታ። ወገቡ ሲቀልለት ሱሪው ሊወርድ ምንም አልቀረው።

ከአንድ ሳህን ሲበሉ የኖሩ ባልደረቦቹ ሻይ ሲጠጡ አንድ ወንበር አልፈው መቀመጥ ጀመሩ። እስረኞቹ ግን እንደ ልማዳቸው ናቸው። «ጋሼ አንቴና፣ ለካ የእኛው ኖት! አልጋ እናዘጋጅ?» ብለው በመስኮት ይጮኹለታል። ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። ዶክተሩ ለእስረኞቹ የተናገረው «ድንገተኛ ቁጣ» የሚል ቃል ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። መጥቶበት አያውቅም። ድንገተኛ ከሆነ ግን መቼ እንደሚመጣ በምን ይታወቃል? ብርጭቆ ባነሳ ቁጥር እጆቹን ያያቸው ጀመር፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል።

ልብስ ሰፊው በምሕረቱ ወጣ። የሚወጣ ዕለት ማለዳ፣ አንቴና ከሌሊት ጥበቃው ሳይወጣ፣ በውጭው በር ሲያልፍ አንድ የተጠቀለለ ነገር ሰጠው። አዲስ ሱሪ ነው።

«በዓይኔ ለክቼ ነው የሰፋሁት» አለ። «እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ይደርሳል። ዕድሜ ልክዎን ጎርፍ እንደሚሻገር ሰው ሱሪ ከፍ አድርገው ሲሄዱ አንጀቴን ሲበሉኝ ነው የኖሩት።»

አንቴና ሱሪውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። መንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊውን የሚጠብቁ አሮጊት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ኖሮ አንቴና የውጭ በር ዘበኛ ሆኖ ያረጅ ነበር። ያላስቀረችው ዝምተኛዋ ባለሙያ ናት። በተሳሳተው ብልቃጥ ስታፍር ከርማ፣ ሌላ ስህተት ታያት። ዶክተሩን «እስር ቤት ገብተን እስረኛ ብቻ ለካን፤ ታዲያ የምናገኘው እስረኛ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?» አለችው። «የተገኘው እንኳ በስህተት ነው፤ እሱም ጠባቂ ሆነ።» ዶክተሩ፣ ምስጋና ይግባውና፣ አልተቆጣም። ከዚያ ሰማያዊውን ቀለም ይዘው ወደ እሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ወደ አውቶቡስ ሹፌሮች፣ ወደ ትምህርት ቤቶች ዞሩ። አንድ የሂሳብ አስተማሪ ተገኘ፤ በኋላም አንድ ሹፌር። ሁለቱም ሰው ገፍተው የማያውቁ፣ የሚስታቸውን ቁጣ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ።

ዶክተሩ ራሱ መጥቶ ለኃላፊው ነገረው፤ ከሺህ ወንድ አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ አብዛኛው ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ያልፋል፤ ይህ ክር ሰውን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚያሰኝ ነገር አላገኘንም አለው። ኃላፊው ቁልፎቹን ከመሳቢያ አውጥቶ በገዛ እጁ ከአንቴና ቀበቶ ላይ አንጠለጠለ፤ ለማንጠልጠል እንኳ እጁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። አንቴና ወደ ክሊኒኩ በር ሄደና ሰማያዊውን መስመር በቢላ ፋቀው። ጡረታ እስኪወጣ እጁ በማንም ላይ ሳይነሳ፣ እያንኳኳ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረ።

ይህንን ሁሉ ለሴት ልጁ፣ ያኔ ሳፋ ውስጥ ለነበረችው፣ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብሎ አጫውቷታል። ልትጽፈው እንደምትፈልግ ነግራው ነበር። የልብስ ሰፊውን መውደቅ ጻፊው አላት። ሱሪውንም ጻፊው፤ የባልደረቦቹን ወንበር እንኳ ጻፊው። ስለ ቁልፉ ስትጠይቀው ግን ወደ ጓዳው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን ትነግሪኛለሽ እንጂ አትጽፊውም፤ ማለቴ፣ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ግን ተይው» አላት ተደናብሮ።

በዚያ ክረምት ሌሊት በሩን ጠብቆ ያድርና ቀን ይተኛ ነበር። ልጅቱ እየዳኸች በሩን በራሷ ገፍታ ትገባለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አፍንጫውን ትይዛለች። አንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲባንን እጁን የልጁን ክንድ ይዞ አገኘው። አላጠበቀም፤ ልጅቱ እየሳቀች ነበር። እሱን ግን ላብ አጠመቀው። ሚስቱን ጠራት።

«ከዛሬ ጀምሮ ስተኛ ከውጭ ቆልፊብኝ።»

ሚስቱ አየችው። ልትስቅ ያሰበች መሰለው፤ አልሳቀችም። «እሺ» አለች። ልጅቱን አቅፋ ወጣች፤ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ዞረ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ትንሽ ቆይቶ ያ ቁልፍ እንደገና ዞረ። ወደ ኋላ፤ ቀስ ብሎ፤ በጨርቅ ተይዞ ይሁን በጣት ታፍኖ እንጃ፣ ትንፋሽ እንኳ ከዚያ ይበልጥ ይሰማል። የእስር ቤቱን በር ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲለይ ለኖረ ጆሮ ግን በቂ ነበር። በሩ ክፍት ነው። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከዚያ ወዲያም። አንዴ እንዲሰማው ጮክ አድርጋ ትቆልፋለች፤ አንዴ እንዳይሰማ ቀስ ብላ ትከፍታለች። ከበሩ ወዲያ ልጅቱ ስትስቅ፣ ሚስቱ ስታባብላት ይሰማዋል።

«እናትሽ እስከ ዛሬ ድረስ ያኔ ተቆልፎብኝ እንደተኛሁ የማምን ይመስላታል» አላት። ከጓዳ የሳህን ድምፅ ይመጣል። «እንደሰማሁ አትንገሪብኝ። ምስጢሯ የእሷ ናት፣ ትያዛት።»

ተነሳ። ጋደም የሚልበት ሰዓት ደርሶ ነበር። በሩ ላይ አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ቁልፉን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና ዞር አለ።

«በዚያ ክረምት እንቅልፍ የወሰደኝ» አላት፣ «በሁለተኛዋ ድምፅ ነው።»